ሁለተኛው ስክሪን

ፎቶ አንሺው ላፕቶፑን ራሱ ከቦርሳ አወጣው፣ ራሱ ከፈተው፣ የይለፍ ቃሉንም ራሱ ጻፈ። የላፕቶፑ ባለቤት አዋላጅ ሚስቱ ነበረች፤ ከጎኑ ቆማ የገዛ ዕቃዋን እንደ ሰው ዕቃ ታየዋለች። እንደ ኤሊ ይንፏቀቃል ሲል አስረዳ፤ የኔ እመቤት ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረባትም ብሎ ሳቀ። አፉ ቅቤ ነው። ሰፈሩ የሚወደው፣ ሙሽራ ሁሉ ካላነሣኝ የሚለው ሰው ነበር።

ኮምፒውተር የምትጠግነዋ ሴት ግን ሳቁን አልመለሰችለትም። ሰዎች ጠጋኟ ይሏታል። አዋላጇን ታውቃት ነበር። ባለፈው ሳምንት ብቻዋን መጥታ የላክሁትን ኢሜይል ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላል ወይ ብላ ጠይቃታለች። ሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል ቀጥሯት ነበር፤ እሁድ ልትሄድ ነው፤ እዚያ እስክትደርስ ድረስ ባሏ ፈጽሞ መስማት የለበትም። ከዚህ በፊት ልሂድ ስትል ምን እንደደረሰባት በአፏ አልተናገረችም። እጅጌዋን ብቻ ሰብሰብ አድርጋ አሳየቻት። ጠጋኟም ለሁሉም የምትሰጠውን ምክር ሰጠቻት፦ የኢሜይልሽን የይለፍ ቃል ቀይሪው፤ ካልነገርሽው በቀር ማንም አይከፍተውም።

ሱቋ በደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስክሪኖች አሉ፤ አንዱ ወደ እሷ፣ ሌላው ወደ ደንበኛው ዞሯል፣ የሚያሳዩትም አንድ ነው። «የሰው ገመና ብቻዬን አላይም» ትላለች። ለገመናም ምስክር ትጠራለች እያሉ ይቀልዱባታል። ሌላም ልማድ አላት። ኢንተርኔት የሚከፈትበትን ብራውዘር ስታጸዳ፣ የተለጠፉበትን ትንንሽ ተጨማሪ ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ጮክ ብላ ታነብና ይቆይ ወይስ ይውጣ ብላ የዕቃውን ባለቤት ትጠይቃለች። ያለ ባለቤቱ ቃል አንድም አታነሣም፤ አንድም አትዘልም።

ጀመረች። ይሄ የተሳሳተ ፊደል ያርማል፣ ይቆይ? አዋላጇ ይቆይ አለች። ይሄ ማስታወቂያ ይከለክላል። ይቆይ። ይሄ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም። ይውጣ። ቀጥላ አንዲት ትንሽ ፀሐይ የተሣለችበት ላይ ደረሰች። ስሙ «የአየር ሁኔታ» ይላል። የተፈቀደለትን ሥራ ዝርዝር ስትከፍተው፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፉ ደቃቅ መስመሮች በሁለቱም ስክሪኖች ላይ ተዘረገፉ።

ጠጋኟ አንብባ ክው አለች። በየትኛውም ገጽ የሚጻፈውን ሁሉ ይገለብጣል፤ ቅጂውንም ለሌላ ሰው ይልካል። አዲሱ የይለፍ ቃል የተጻፈው በዚሁ ላፕቶፕ ነው። እሷ ናት ቀይሪው ያለቻት። ሌባው ቤት ውስጥ ተቀምጦ የበሩን ቁልፍ አስቀየረቻት ማለት ነው።

«እሱን ተይው እህቴ» አለ ፎቶ አንሺው። «የአየር ሁኔታ ነው። እኔ ነኝ ያስገባሁላት።»

ድምፁ አልተለወጠም፤ እጁን ግን ሚስቱ ትከሻ ላይ አሳረፈ። ስለ እሁዱ ያውቃል ማለት ነው። አውቆ እየቀለደ ነው። ጠጋኟ ብትዘለው፣ ይህች ሴት ባሏ ጀርባዋ ላይ ሆኖ እንደሚያነብ ሳታውቅ እሁድን ትጠብቃለች። ብትናገር ደግሞ ዛሬ ማታ ከእሱ ጋር በሩን ዘግታ የምታድረው አዋላጇ እንጂ እሷ አይደለችም። ሆድ ይፍጀው የሚባል ነገር አለ። ግን የማን ሆድ?

እንደሌሎቹ፣ በዚያው ድምፅ አነበበችው።

«ይሄ የአየር ሁኔታ ይላል። የምትጽፊውን ሁሉ ገልብጦ ለሌላ ሰው ይልካል። ይቆይ ወይስ ይውጣ?»

ፎቶ አንሺው ሳቀ፤ ለደህንነቷ ብዬ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ስንቱ ሌባ አለ፣ ባልና ሚስት ደግሞ ምን የሚደባበቁት ነገር አላቸው አለ። አዋላጇ ወደ እሱ አልዞረችም። ስክሪኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ፀሐይ ትኩር ብላ አየቻት።

«ይቆይ» አለች።

ጠጋኟ የሰማችውን ማመን አቃታት። የዕቃው ባለቤት ቃል ነውና ግን ተወችው። ሌላውን አጸዳድታ ላፕቶፑን ዘጋች። ሲወጡ በሩን የከፈተላት እሱ ነበር። ጠጋኟ ከዚያ በኋላ ሥራ መሥራት አልቻለችም። አንድ የተሰበረ ኪቦርድ ፈትታ መልሳ ገጠመችው፣ ደግማም ፈታችው። ዝም ብል ይሻል ነበር ትላለች፤ መልሳ ደግሞ ዝም ብል ኖሮ ትላለች።

ከምሳ በኋላ አዋላጇ ብቻዋን ገባች። ላፕቶፑን አልያዘችም። ላቧ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል።

«ቤት ከፍቼ ተውኩት» አለች። «ሆስፒታል ለድንገተኛ ምጥ ተጠራሁ ብዬ ለጓደኛዬ ጻፍኩበት። ያነበዋል። እዚያ ይፈልገኝ።»

ይቆይ ያለችው ለዚህ ነበር። እሁድን ስለሚያውቅ ዛሬውኑ መሄድ አለባት። የአውቶቡስ ትኬት በኢንተርኔት መቁረጥና ለአዲሱ ሆስፒታል ቀድሜ እመጣለሁ ብሎ መጻፍ ነው የቀራት። ጠጋኟ የራሷን ወንበር ለቀቀችላትና የግል መስኮት ከፈተችላት። ስትዘጊው ይህ ማሽን የከፈትሽውን አያስታውስም አለቻት፤ ከዚህ ማሽን ውጭ ስላለው ግን ቃል አልገባልሽም። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ጠንቅቃ ብትነግራት ኖሮ ብላ ተጸጸተች። ከዚያም እጇን ሰድዳ ሁለተኛውን ስክሪን አጠፋችው። ሱቁን ከከፈተች ጀምሮ ደንበኛ እያለ አጥፍታው አታውቅም። ራሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የጠጋኟ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩን አታውቀውም፤ ድምፁን ግን ወዲያው ለየችው። ፎቶ አንሺው በትሕትና ስላስቸገራት ይቅርታ ጠየቃት። ሚስቱ ምናልባት አንድ ነገር ረስታ ተመልሳ እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ከኋላዋ ፊደል የመምታቱ ድምፅ ቀጥ አለ።

«ከእናንተ ወዲህ የመጣ ሰው የለም» አለች ጠጋኟ።

በስልኩ ውስጥ የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። ያው ጥሩምባ በሱቁ በርም በኩል ገባ።

«እሺ እህቴ» ብሎ ዘጋው።

ጠጋኟ ሄዳ የበሩን መቀርቀሪያ ወረወረች፤ ጀርባዋንም በሩ ላይ አሳረፈች። አዋላጇ ከስክሪኑ ቀና ብላ አየቻት።

«የምትሞዪው ስንት ገጽ ቀረሽ?» አለች ጠጋኟ።

«አንድ።»

«ጻፊ።»

ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ተሰማ፤ ወደ ላይ ይውጣ ወደ ታች ይውረድ አልለየችውም። የፊደሎቹ ድምፅ እንደገና ጀመረ።