የሁለት ፕሮሰሰሮች ሳምንት

ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኮልፌ ከፍራሽ መደብሩ በላይ ባለው ቢሯችን የተገኘነው አራት ሰዎች ነበርን፦ የድርጅቱ ባለቤት ጋሽ ሀምዱ፣ ደንበኞችን የምታስተናግደው የበኩር ልጃቸው ፈይዛ፣ የእህታቸው ልጅ አነስ፣ እና እኔ፣ ደግፌ። በግድግዳው ሥር ሁለት አዳዲስ ሰርቨሮች ከነካርቶናቸው ተቀምጠዋል።

ሥራችን ለሠላሳ አንድ ሱቆችና ለአራት ክሊኒኮች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ማስኬድ ነው። ባለሱቁ በስልኩ ይጠይቃል፤ መልሱ የሚሄድለት እኛ ጋ ካለው ሰርቨር ነው። ማሽኖቻችን ስላረጁ ጋሽ ሀምዱ ዓለም ባንክ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተው ስድስት አዳዲስ ሊገዙ አሰቡ። አስመጪው ለመሞከሪያ ሁለት ዓይነት ማሽን ለአንድ ሳምንት አዋሰን።

የአንደኛው ፕሮሰሰር ኤክስ 86 ከሚባለው ቤተሰብ ነው። ቢሮ ውስጥ የምናየው አብዛኛው ኮምፒዩተር የዚህ ዘር ነው። የሌላው አርም ይባላል። ስልኮቻችን ከዚህ ወገን ናቸው፤ አሁን ለትልልቅ ሰርቨርም ይሠራል። ሁለቱ የሚቀበሉት ትእዛዝ የተለያየ ስለሆነ፣ ለአንዱ የተዘጋጀውን ፕሮግራም ሌላው እንዳለ ወስዶ ማስኬድ አይችልም።

«አርሙ መብራት አይፈጅም ጋሼ» አለ አነስ። «መብራት በጠፋ ቁጥር ባትሪ ላይ ነን። ይኼ ያዋጣናል።»

«እኔ ሸቀጥ እንጂ ይኼን አላውቅም» አሉ ጋሽ ሀምዱ። «ሁለት ጆንያ ሲመጣልኝ በአንድ ሚዛን ነው የምመዝነው። እኩል ሥራ፣ እኩል ባትሪ ስጧቸው። ደግፌ ኤክሱን ያዝ፣ አነስ አርሙን። ማሽኑ የተመረጠለት ሰው የዓለም ባንኩን ክፍል ይረከባል። ቁልፉ የእሱ ነው።»

«ደግፌ ደስ ብሎት ነው አይደል?» አለች ፈይዛ ፊቴን እያየች። «ደስ ሲለውም ለቅሶ ቤት የመጣ ነው የሚመስለው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ያን ክፍል እፈልገው ነበር። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ጋሽ ሀምዱ ጋ ስገባ ሥራዬ በብሩሽ የማሽኖቹን አቧራ ማራገፍ ነበር። ስድስት ዓመት ሆነኝ። የትኛው ማሽን ሊታመም እንደሆነ ከበስተኋላው መዳፌን ዘርግቼ ከሚተፋው ሙቀት አውቃለሁ። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። አነስ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የመጣው በጥር ነው። በአራት ወር ውስጥ የእኔን ወንበር ወሰደ፤ ጋሽ ሀምዱ «ልጄ» ማለት ጀመሩ፤ ደንበኞች ደውለው «ያ ልጅ አለ?» ሲሉ ያ ልጅ እኔ መሆኔ ቀረ። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ግን «ደጌ» እያለ ምሳውን ያካፍለኛል።

አንድ የምበልጠው ነገር ነበረኝ። አነስ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ «ኃይል» የሚለውን በሀሌታው ሀ፣ «ሥራ» የሚለውን በእሳቱ ሰ ይጽፋል። ሲወጣ ጠብቄ አስተካክለዋለሁ። ማንም አላየልኝም።

ሰኞ ጠዋት ኤክሱን አስነሥቼ ፕሮግራሙን ገለበጥኩበት። አራት ሰዓት ሳይሞላ ሠላሳ አምስቱም ደንበኞች ይሠሩበት ነበር። አነስ ማሽን ላይ ግን ያው ፕሮግራም ገና ከመነሻው አልከፈትም አለ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ፕሮግራሙ የተዘጋጀው ለኤክስ 86 ብቻ ነው። ለአርም እንደ አዲስ ለማዘጋጀት ደግሞ ፕሮግራሙ መጀመሪያ የተጻፈበት ዋናው ጽሑፍ፣ ሶርስ ኮዱ፣ ያስፈልጋል። የጻፈው ማሙሽ የሚባል ከእኛ ጋር ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ላፕቶፑ ከመናኸሪያ ተሰርቆበት ኮዱም አብሮ እንደጠፋ ነበር የሚታወቀው።

አልጠፋም። ማሙሽ ሊሄድ ሲል በፍላሽ ቀድቶ ለእኔ ሰጥቶኛል። «ትርፍ ጊዜ ስታገኝ አንብበው፣ ትማርበታለህ» ብሎኝ ነበር። መስመር በመስመር አንብቤዋለሁ። ለማንም ያልነገርኩት መጀመሪያ ላይ የጠየቀኝ ስላልነበረ ነው።

ማክሰኞ አነስ ጠየቀኝ።

«ደጌ፣ የማሙሽ ሶርስ ኮድ የትም የለም በቃ?»

«እንጃ» አልኩት።

«አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ እንኳ?»

«እንጃ፣ አነስ።»

ፍላሹ በዚያን ሰዓት ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነበር። ሳንሱሲ ካለው ቤቴ ትቼው ከመጣሁ እናቴ አግኝታ የምትጥለው ስለመሰለኝ ከሰኞ ጀምሮ ይዤው ነው የምዞረው። «እንጃ» ውሸት አይደለም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ዋልኩ።

አነስ አልተወም። የኤክሱን ትእዛዝ እየሰማ በአርም ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም አግኝቶ ጫነ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በትርጉም መሥራት ጀመረለት፤ ግን እያዘገመ። የሠላሳ አምስቱንም ደንበኞች የዕለት ዕቃ ዝርዝር ለማውጣት የእኔው ዐሥራ አራት ደቂቃ ሲፈጅበት የእሱ አርባ አንድ ፈጀ። ሐሙስ መብራት ሲሄድ የሁለቱም ባትሪ የሚቆይበትን ሰዓት ያዝን፤ በትርጉም ሲደክም የዋለው አርም ብዙም አልበለጠኝም። አነስ ዓይኑ ቀልቶ ማያውን ያያል። እኔ መዳፌን ከኤክሱ ኋላ ዘርግቼ እቆማለሁ። በዚያ ሳምንት እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ አልነበረም።

ዓርብ ግንቦት 15፣ እንደገና ከጁምዓ በኋላ፣ አራታችን ተሰበሰብን። ውጤቱን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ያነበብኩትም እኔ ነኝ።

«እሺ» አሉ ጋሽ ሀምዱ። «ሚዛኑ ተናገረ። ስድስቱን ከኤክሱ እንገዛለን። ቁልፉም የደግፌ ነው።»

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። እሳቸው ግን ወደ አነስ ዞሩ።

«ይኼ ልጅ ግን ወላሂ አስገርሞኛል። እኔ በስልጥኛ ባወራው ደግፌ ይሰማኛል? አይሰማኝም። ይኼ ግን ቋንቋውን የማያውቅ ማሽን በአስተርጓሚ አሠራ! ማሻአላህ!»

«አምስት ቀን አልተቀመጠም እኮ አባዬ» አለች ፈይዛ። «ደግፌ ምን ሠራ? ሶኬት ሰካና ቆመ።»

«ሙድ አትያዢበት፣ ማሸነፍ ማሸነፍ ነው» አለ አነስ እየሳቀ፤ ትከሻዬንም መታ አደረገኝ። «ደጌ የሚገባው ነው።»

እሱ የሚገባኝን መወሰኑ አቃጠለኝ። ቁልፉ የእኔ ነው፤ የሚወደሰው ግን እሱ ነው። ክፍሉን ይዤም እሱ የሚደነቅበት፣ እኔ ሶኬት የምሰካበት ቤት ሊሆን ነው። ከእሱ በላይ የማውቀው ነገር እንዳለ ይወቁልኝ አልኩ። ከዚያ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም።

«ሶርስ ኮዱ እኔ ጋ ነው!» አልኩ።

በሕይወቴ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

«የቱ?» አለ አነስ።

«የማሙሽ። ሙሉው። ሁሉንም አንብቤዋለሁ። የትኛው ክፍል ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። አንተ አምስት ቀን የለፋህበት በእኔ እጅ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር።»

ይደነቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ፈይዛ ሒጃቧን አስተካከለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አንተ ጋ ያለው?» አሉ ጋሽ ሀምዱ።

«ሦስት ዓመት ሆነው፣ ጋሽ ሀምዱ።»

«አነስ አልጠየቀህም?»

እጄን ኪሴ ከትቼ ፍላሹን ጨበጥኩት።

«ድሮም ዝም ነው የምትለው፤ ዛሬ እንኳ ተናገር። ጠይቆህ ነበር?»

«ጠይቆኝ ነበር።»

«ምን አልከው?»

«እንጃ።»

እጃቸውን ዘረጉ። ፍላሹን ከኪሴ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ሳያዩት ለአነስ አቀበሉት። «ይሞከር» አሉ። «ሁለት ጆንያ ብዬ ነበር፤ አንደኛውን ለካ ከሚዛኑ ሥር የሰው እግር ይዞት ነው የመዘንኩት።»

አነስ አርሙ ፊት ተቀመጠ። ኮዱን ከፈተ፣ ለአርም ማዘጋጀት ጀመረ። ሁለት ቦታ ላይ ተሰናከለ። ሁለተኛው ላይ ሳይዞር «ይኼ ምንድነው?» አለኝ። የክሊኒኮቹ መድኃኒት ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን የሚያሰላው ክፍል መሆኑን ነገርኩት። «እሺ» አለ፤ አስተካከለው። «ደጌ» አላለኝም።

ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ፕሮግራሙ ያለ አስተርጓሚ አርሙ ላይ ተነሣ። የዕለት ዝርዝሩን በዐሥራ አምስት ደቂቃ አወጣ፤ ከኤክሱ በአንድ ደቂቃ ብቻ ዘገየ። በቆጣሪው ላይ ኤክሱ ሦስት መቶ ዐሥር ዋት ሲወስድ እሱ መቶ ዘጠና ወሰደ። ገመዱን ከግድግዳ ነቅለን ባትሪ ላይ ስንተዋቸው ኤክሱ በሃምሳ ሁለት ደቂቃ ጠፋ፤ አርሙ አንድ ሰዓት ከሃያ ስድስት ደቂቃ ቆየ። በእኛ ፕሮግራምና በእነዚህ ሁለት ማሽኖች የተገኘው ልክ ይህ ነው። ሌላ ሥራ ላይ ኤክሱ ሊበልጥ እንደሚችል አነስ ራሱ ለጋሽ ሀምዱ ነገራቸው።

ከኋላው ሆኜ መዳፌን ወደ አርሙ ዘረጋሁ። የሚተፋው አየር ለብ ያለ ነበር። ይህን ሰኞ ዕለት ማወቅ እችል ነበር።

«ጻፍ» አሉኝ ጋሽ ሀምዱ። አዲሱን ውጤት ከአሮጌው ሥር በጥንቃቄ ጻፍኩ። ምንም ፊደል አልሳትኩም።

«ስድስቱም ከአርሙ ይሁን» አሉ ጽሑፉን ተቀብለው። «ቁልፉ የአነስ ነው። አንተ ልጅ፣ አላባርርህም። ስድስት ዓመት ቀላል አይደለም። ግን ሲጠየቅ የማይመልስ ሰው ክፍል ውስጥ ብቻውን አላስቀምጥም።»

«አጠገቤ ይሥራ ጋሼ» አለ አነስ። «ኮዱን ያውቀዋል። ያስፈልገኛል።»

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነበር። «አልፈልግም» አልኩ።

ሰኞ አነስ ቁልፉን ተረክቦ ወደ ዓለም ባንክ ሄደ። እኔ ጦር ኃይሎች ባለው የድርጅቱ የጥገና ሱቅ ፕሪንተር እንድጠግን ተመደብኩ።