ውሃው የገባበት

ሰይፈ ገብርኤል ሠላሳ አራት ዓመት የፋብሪካ ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ በወጣ በዓመቱ አንዲት ቀጭን፣ ረጅም የእንግሊዝ ጀልባ ገዛ። ጀልባዋ የታሰረችው ዌስትሃፈን በሚባለው የወንዝ ወደብ ሲሆን ጉትሎይት ሰፈር ካለው ቤታቸው በእግር አሥር ደቂቃ ብትሆን ነው። ሚስቱ ዕፀገነት «ጣውንት መጣችብኝ» እያለች ትቀልዳለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጓደኛቸውን ዓምደ ሚካኤልን በወንዙ ቁልቁል እስከ ሄክስት ሊያንሸራሽረው ቃል ገብቶ ነበር። ዓርብ ጠዋት የሞተሩን ክዳን ቢያነሣ ከሥሩ ውሃ ተኝቷል።

«ዘንጉ ነው!» አለ ወዲያው። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ የጀልባዋን ሆድ በስቶ በሚወጣበት በኩል ውሃው የገባ መስሎት ነው። ዳዶውን አጠበቀ፣ ውሃውን ቀድቶ ደፋ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ማርሽ አስገባ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ተመልሶ መጣ። ደግሞ አጠበቀ፤ ደግሞ መጣ። እኩለ ቀን ላይ እስከ ክርኑ ግራሶ ተለቅልቆ ከወንዙ ጋር ይጣላ ጀመር።

ዓምደ ሚካኤል ደወለ። «ስማ፣ የዋና ልብስ ልያዝ እንዴ?»

«አንተ ብቻ ሰዓት አክብር!» ብሎ ዘጋበት።

ዕፀገነት ምሳ ይዛ መጣች። ሙያዋ የኩላሊት እጥበት ነርስ ነበር፤ ዕድሜዋን በቱቦ መሀል ነው ያሳለፈችው።

«ከዘንጉ ሲወጣ አይተሃል?»

«ከሌላ ከየት ይመጣል?»

«አይተሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

አላየም።

«እኛ ዘንድ በሽተኛ ሳይመረመር መድኃኒት አይታዘዝም» አለችና ከጀልባዋ ጓዳ ኩሸንሮለ የሚሉትን የወጥ ቤት መጥረጊያ ወረቀት አመጣች። መጀመሪያ ሥሩን ጠብ እስከማይል አደረቁት። ከዚያ ወረቀቱን እየቀደደች በየመጋጠሚያው ሥር አነጠፈች። ምሳቸውን በልተው ሲያዩት ሁሉም ደረቅ ነው።

«አሁን አስነሣው።»

ጎን ለጎን ተንበርክከው በባትሪ እያበሩ ጠበቁ። የዘንጉ ወረቀት ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ የወንዝ ውሃ ከሚስበው ፓምፕ ሥር የተነጠፈው ላይ ግን አንዲት ነጥብ ታየች። ጥቂት ቆይቶ ወረቀቱ በሙሉ ራሰ።

«ፓምፑ!» አለ ሰይፈ ገብርኤል። «ጎሚኒው አልቋል።» የዘንጉን ዳዶ ሊነካ እጁን ቢሰድ «ውይ!» ብሎ መለሰው። ሲያጠብቀው ስለዋለ ከሚዞረው ዘንግ ጋር ተፋትጎ ግሎ ነበር።

«ዕፄ፣ ጤነኛውን ልገድለው ነበር እኮ» አለ በቀስታ። ፋብሪካ ሳለ በሰው መሣሪያ እንዲህ ቢሳሳት ኖሮ አለቃው ምን ይለው እንደነበር ያውቃል። እሷ ግን ሳትስቅ፣ የተቃጠለ ጣቱን ይዛ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰችበት።

ዳዶውን አላላ። ቅዳሜ አዲስ ጎሚኒ ገዝቶ ፓምፑን በገዛ እጁ ገጠመው።

እሑድ፣ ጀልባዎችን በሁለት በር መሀል ዘግቶ ወደ ዝቅተኛው ወንዝ በሚያወርደው የግሪስሃይም መሸጋገሪያ ውስጥ ውሃው ጀልባዋን ይዟት ሲወርድ ዓምደ ሚካኤል ዓይኑን ጨፍኖ ሥላሴን ጠራ። መሪውን የያዘችው ዕፀገነት ነበረች። ሄክስት ሲደርሱ ግን እንግዳቸው ከወንበሩ አልነሣም አለ።

«ወደ ታች ማይንስ ከተማ ድረስ ከዚህ ይርቃል እንዴ?»