ብረት ቅቤ አይጠጣም

ገለቴ ልጇን የምታለቅስበት መቃብር የላትም። ቢቂላን ባሕር ነው የበላው፤ ከሊቢያ የተነሳችው ጀልባ ሰጠመች አሉን፣ በቃ። ድንኳን ተክለን ለቅሶ ተቀመጥን፤ ሬሳ ግን አልመጣም። የቀራት ከሰፈራችን በላይ፣ ቡራዩ ኮረብታ ላይ ያለው ዝግባ ነው። ቢቂላ ሊሄድ ሲል እዚያ ሥር አስቀምጣ፣ አናቱን ቅቤ ቀብታ መረቀችው፤ እጇ ላይ የተረፈውን ግንዱ ላይ ጠረገችው። የሄደው በማርያም ዕለት ስለሆነ፣ ከሞቱ ወዲህ በየወሩ ማርያም ለጋ ቅቤ ይዛ ትወጣለች። ቅርፊቱ ቅቤውን ሲስበው "ጠጣልኝ፤ ደረሰው" ትላለች።

እኔ ስንዱ፣ ከጎንደር መጥቼ እዚሁ የቀረሁ ባለሱቅ ነኝ፤ ከገለቴ ጋር ግድግዳ እንጋራለን። መጀመሪያ ዛፍ ስትቀባ ሳያት አማተብኩ።

"ገለቴ፣ እሑድ አብረን ቅዳሴ ቆመን፣ ዛሬ ደግሞ ለእንጨት?" አልኳት።

"ለእንጨት ማን ሰጠ? ዋቃ እዚህም ይሰማኛል። ቤተ ክርስቲያን ሰው ይበዛል፤ ጮኼ ማልቀስ አፍራለሁ" አለችኝ።

አንድ ማርያም አብሬያት ወጣሁ። ነፋሱ ቅጠሉን ሲያንሿሿው እኔም ዕንባዬ መጣ፤ አባቴን አስታወስኩ፣ የሆነ ሰው አጠገቤ የቆመ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ፤ የእኔ አፍ መዘጋት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ሀብታም ኮረብታውን አጥሮ ቪላ ሊሠራበት ነው ሲባል ስብሰባ ተጠራ። ወንዶቹ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ገለቴ ተነሳች። "ዛፍ ጥላው ሥር ማን ገባ ብሎ አይጠይቅም። ለሁሉም ይሁን፤ የሰበታውም የሱሉልታውም ሰው መጥቶ ይረፍበት" አለች። ተጨበጨበላት። እውነትም መናፈሻ ሆነ፤ በር እንጂ ክፍያ የለውም።

እሑድ እሑድ ሰው ይጎርፍ ጀመር። ልጆች ሣሩ ላይ ይንከባለላሉ፤ ሙሽሮች ዝግባውን ተደግፈው ፎቶ ይነሳሉ። ገለቴ ሱቄ በር ላይ ሆና መኪናቸውን እያየች ትመርቃለች፤ ቢቂላ ሳይዳር ነው የሄደው።

አንድ እሑድ ግን፣ ማርያም በዋለ በማግስቱ፣ የአንዷ ሙሽራ ቬሎ ቅቤ ነካው። የኪራይ ቬሎ ነው፤ ጩኸቷ ሱቄ ድረስ ተሰማ። ሳምንት ሳይሞላ የመናፈሻው አስተዳዳሪዎች ዛፉን እንደ ድስት በኦሞ ፈተጉት። ዙሪያውን ሲሚንቶ አፍስሰው የብረት አጥር አቆሙ፤ "መንካት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳም ሰቀሉ። እኔ "የኪራይ ልብስ ከእናት ዕንባ በለጠ!" እያልኩ ሰፈሩን አላስተኛ አልኩ። ገለቴ ግን ለማርያም ቅቤዋን ታዘጋጅ ነበር፤ ይሄ ነው ያስፈራኝ።

ማርያም ደረሰች። ገለቴ ቅቤዋን በቅጠል ጠቅልላ ወጣች፤ ተከተልኳት። ጥበቃው ማቲ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ሲያየን ብድግ አለና አቀረቀረ።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከአጥሩ ማለፍ አይቻልም። ካሜራ ተክለዋል፤ ያባርሩኛል።"

"እንዴት አይቻልም? ይሄን ቦታ ማን ያተረፈው መሰለህ? እሷ ያን ቀን ባትናገር..."

ገለቴ ክንዴን ያዘችኝ። "ተዪው ስንዱ። ኢልማ ነማ፣ እሱም የሰው ልጅ ነው፤ እንጀራውን ላሳጣው? ለሁሉም ይሁን ያልኩት እኔው ነኝ። ሙሽራዋም ከሁሉም አንዷ ናት።"

አጥሩን ተደግፋ እጇን ዘረጋች። ግንዱ ራቃት። በእግሯ ጣቶች ቆማ እንደገና ዘረጋች፤ አልደረሰችም። ከዚያ ቅቤውን መዳፏ ላይ አወጣችና እጇ የደረሰበትን ብረቱን ቀባችው፤ ቀስ አድርጋ፣ የልጅ አናት እንደሚቀባ። ማቲ ፊቱን አዞረ። እኔም ማየት አቃተኝ።

ብረት ቅቤ አይጠጣም። ፀሐይዋ ስትበረታ ቀልጦ ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ገለቴ ጠብታውን በዓይኗ ተከተለችው።

"ስንዱ" አለችኝ፣ "ይደርሰው ይሆን?"