አሚን የሚል ክፍል

«የዓመቱ ምርጥ እጩ መምህር» የሚባለው የኮሌጃችን ሽልማት ለጥቂት ነው ያመለጠኝ። ይህን የምለው እኔ ሰብሪና ብቻ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲለው ሰምቼ አላውቅም። ሽልማቱ ዋንጫ አለው፣ ፎቶ አለው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተሸላሚው እንደ ተራው ተመራቂ እጣ አያወጣም፤ የሚያስተምርበትን ትምህርት ቤት ራሱ ይመርጣል። እኔ ደግሞ ገና ሳልሸለም መርጬ ጨርሻለሁ፦ እዚሁ ከሚሴ፣ ከደጃፋችን ሆነው ሲያዩት ጣራው የሚታየውን።

ምክንያት አለኝ። እናቴን አሻን ጉልበቷ ከያዛት ወዲህ ከአልጋ ወደ በረንዳ ደግፌ የማወጣት እኔ ነኝ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የለም፤ እህት ወንድም የለኝም። እጣው ከማሽላና ከከብት በቀር ምንም የሌለበት ገጠር ቢወረውረኝ እሷን ለማን ጥያት ነው የምሄደው? እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ወላሂ ለእናቴ ብዬ ነው! እሺ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ዋንጫው የሚቀመጥበትን ቦታም አጽድቼ ነበር።

ለልምምድ የተመደብኩት ሁለተኛ ክፍል ነው። ልጆቹ ከወንበሩ ይበዛሉ። መጀመሪያ ሰሞን አሳሬን አበሉኝ፤ ግማሹ በኦሮምኛ ይጯጯሃል፣ ግማሹ በአማርኛ ይካሰሳል፣ የቀረው በሁለቱም ያብጠለጥላል። ድምፄ ተዘግቶ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ ሁለት መዳፌን ወደ ላይ ዘርግቼ «ያ ረቢ!» ስል ክፍሉ ጭጭ አለ። ባይ፣ ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። ለካ ዱዓ የጀመርኩ መስሏቸው ነው! የወሎ ልጆች አይደሉ፤ ትልቅ ሰው መዳፉን ሲዘረጋ አብሮ መዘርጋትን እናታቸው ጭን ላይ ሆነው ነው የለመዱት።

በቃ፣ ዘዴ አገኘሁ ብዬ ያዝኳት። በተንጫጩ ቁጥር መዳፌን እዘረጋለሁ፣ ጸጥ ይላሉ። ታዲያ መዳፍ ተዘርግቶ የተነገረ ነገር መልስ አለው። «ነገ የቤት ሥራችሁን ሠርታችሁ ትመጣላችሁ» ስል «አሚን!» «ከእንግዲህ ክፍል ውስጥ ሸንኮራ አይበላም» ስል «አሚን!» እስቲ በየትኛው አገር ነው ለቤት ሥራ አሚን የሚባለው? እኔ ግን ጎበዝ ስለሆንኩ መሰለኝ። መንገድ ላይ ስሄድ እንኳ አረማመዴ ተለወጠ።

ከእኔ ጋር ለሽልማቱ የታጨው ሙህዲን አንድ ቀን በመስኮት አየንና «ሰብሪና፣ እነዚህ ልጆች ምንም አይጠይቁሽም እንዴ?» አለኝ። የእሱ ክፍል እንደ መናኸሪያ ነው የሚጮኸው፤ «ለምን?» የማይል ልጅ የለበትም።

«ቀናህ እንዴ?» አልኩት። «የማይጠይቁት ስለገባቸው ነው።»

ወደ ጩኸታም ክፍሉ ተመለሰ። አፉን አስያዝኩት ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

የግምገማው ቀን የኮሌጃችን መምህር ጀይሉ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ልጆቹ እንግዳ ሲያዩ ተንጫጩ። መዳፌን ዘረጋሁ፤ ጸጥ። መምህር ጀይሉ በአድናቆት ቅንድባቸውን ሲያነሱ ሳይ ልቤ ዘለለች። ትምህርቱ መቀነስ ነው። «ከአሥራ ሦስት አምስት ሲቀነስ» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። እጄ ይጽፋል፣ ሐሳቤ ዋንጫው ጋ ነው። ወደ ልጆቹ ዞሬ፣ ለድምቀት ይሆናል ብዬ መዳፌን ዘርግቼ «ሰባት!» አልኩ።

«አሚን!» አለ ክፍሉ፣ ቆርቆሮው እስኪነቃነቅ።

መምህር ጀይሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጆች፣ ሰባት ነው?»

እኔ ምን እንደተፈጠረ አልገባኝም፤ መዳፌ እንደተዘረጋ ነው። ልጆቹ «አሚን!»

«ስምንት ቢሆንስ?»

«አሚን!»

«ሃያስ?»

«አሚን!»

አንደኛዋ ገምጋሚ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ነው ዞሬ ሰሌዳውን ያየሁት። ምነው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ! ገምጋሚዎቹ ሲወጡ ጠብቄ ከፊት የምትቀመጠውን ኢማንን «ስምንት መሆኑን አላወቅሽም ነበር?» አልኳት።

«አውቄያለሁ» አለች፣ ጣቶቿን እያሳየችኝ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ዱዓ ላይ አይወራማ፣ ቲቸር!»

ዋንጫውን ሙህዲን ወሰደ። አጨበጨብኩለት፤ መዳፌ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ፣ ሰው እንዳይታዘበኝ። የመረጠው ትምህርት ቤት ደግሞ የትኛውን መሰላችሁ? ጣራው የሚታየኝን! የእኔ እጣ ጨፋ ሸለቆ ውስጥ አንድ ገጠር ወጣ፤ ባጃጅ እንኳ ክረምት ላይ የማይገባበት።

ቤት ስደርስ እናቴ በረንዳ ላይ ናት። እንባዬን እየዋጥኩ እቅዴን ዘረገፍኩት፦ ምደባውን አልቀበልም፣ ቢሮ ሄጄ እለምናለሁ፣ ካልሆነ ጎረቤታችን ዙቤይዳ ጧት ጧት ታወጣሻለች፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ካልሆነም ሥራው ይቅርብኝ። ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ለፈለፍኩ።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ከሚሴ ልቅር ብዬሽ አውቃለሁ?»

«ኧረ እማ፣ ጉልበትሽ…»

«የያዘኝ ጉልበቴን ነው፣ አፌን አይደለም!» እናቴ ስትቆጣ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። «እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ለአባትሽ ብዬ ከተማ ገባሁ፣ ላንች ትምህርት ብዬ ቀረሁ። ይሄው ጧት ታወጭኛለሽ፣ ማታ ታስገቢኛለሽ፤ ቀኑን ሙሉ የማየው ባጃጅ ነው። አንድ ቀን እንኳ እማ፣ የት መኖር ትፈልጊያለሽ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ጥያቄ አጠያየቅ የተማርኩት እኔ፣ በዚያ ላይ ጥሩ ውጤት ያመጣሁት እኔ፣ እናቴን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። አፈርኩ። ከገምጋሚዎቹ ፊት ያፈርኩት ከዚህ ሲወዳደር ምንም አልነበረም።

አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና «የት መኖር ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

መግሪብ አዛን እስኪል ድረስ ስለ ማሽላውና ስለ ከብቱ ነገረችኝ።