የማታኮርፈው ልጅ

በልብስ ሰፊው ቤት ግድግዳ ላይ፣ እንደሌላው ሰው ቤት ሁሉ፣ «ጆሮ» ተሰቅሏል። ጆሮ አስተዳደሩ በየቤቱ የሰቀለው ትንሽ ሳጥን ነው። የተባለውን ሁሉ እየሰማ ለአስተዳደሩ ያደርሳል፤ ሳቅ ግን አይገባውም። ስለዚህ ቤተሰቡ መቀለድ ሲያምረው በስፌት ላይ ካሉት ልብሶች ወፍራሙን መርጦ ጆሮ ላይ ጣል ያደርግበታል። ሰሞኑን ተሰቅሎበት የከረመው አንድ ወፍራም የብርድ ኮት ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ጆሮ ራቁቱን ነበር። አባትየው ጠዋት የኮቱን ገበር ዘግቶ፣ ተኩሶ፣ ለባለቤቱ አስረክቦታል። በቦታው ሌላ መስቀል ማንም ትዝ አላለውም።

ሚጣ የቤቱ ትንሿ ልጅ ናት። ዐሥራ ስምንት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ ስሟ ግን አብሯት አላደገም። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክል ወንድሟ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ አያት።

«አንቺ ልጅ፣ አይደክምሽም እንዴ? ለነገሩ ምን ይደረግ፣ ከፋብሪካ ነው ያመጣንሽ።»

«እኔን?»

«ራሴ ነኝ የመረጥኩሽ። ቆንጆዎቹ አልቀዋል ሲሉኝ፣ ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ ነው።»

«ከጎኗ የነበረችው ትሻል ነበር» አለች እናትየው ካውያዋን ሳታቆም።

ቀልድ የማይሆንለት አባት እንኳ በከንፈሩ የያዛቸውን ስፒሎች አወጣና «አሁንማ የመመለሻ ጊዜዋ አልፏል» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ሚጣ ናት። ጆሮ ሳቁ አልገባውም። «ከፋብሪካ ነው ያመጣንሽ» የሚለው ግን በደንብ ገብቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ በጠፋባቸው ዓመታት አስተዳደሩ ልጆችን በፋብሪካ እየሠራ ለየቤቱ አድሎ ነበር። «ስሪት» ይባላሉ። ይበላሉ፣ ያድጋሉ፣ ቢወጉ ይደማሉ፤ ስሪት መሆናቸውን ራሳቸውም አያውቁም። ዐሥራ ስምንት ሲሞላቸው አስተዳደሩ «ንብረቴ ናቸው» ብሎ ይወስዳቸዋል። ወዴት እንደሚወስዳቸው ተመልሶ የተናገረ የለም። ስለዚህ ብዙ ወላጅ «እኔ ነኝ የወለድኩት» እያለ ስሪቱን ይደብቃል። አስተዳደሩም የወላጅ ቃል ማመን ከተወ ቆይቷል።

በማግስቱ መርማሪዋ መጣች። ጫማዋ የጠበባት፣ ትልቅ ቦርሳ ያንጠለጠለች፣ ፊቷ የደከመው ሴትዮ ናት።

«የወለድኳት እኔ ነኝ፤ እዚያ አልጋ ላይ» አለች እናትየው ቀድማ።

«ሁሉም እናት አልጋ ያሳየኛል» አለች መርማሪዋ። «ስሙኝ። ስሪት ይቆጣል፣ ያለቅሳል፤ ቂም ግን አይቋጥርም። ዘወር ብሎ ሲመለስ ረስቶታል። ፋብሪካው ሁሉንም ሲሠራ ማኩረፍን ብቻ መሥራት አቃተው። እናንተ ልጅቷን አስቀይሟት። እኔ ደጅ ቆይቼ እመለሳለሁ። ስመለስ አኩርፋ ካገኘኋት ሰው ናት። ካላገኘኋት አብራኝ ትሄዳለች።»

ይህን ብላ ወጣች። ቤተሰቡ እርስ በርሱ ተያየ።

አባትየው ወጡ ጨው በዛበት ብሎ ሳምንት የሚያኮርፍ ሰው ነው። እናትየው ካውያ ካቃጠላት ካውያውን ታኮርፋለች። ወንድምየው ደግሞ ተኝቶም ያኮርፋል። ከቤቱ ሰው ሁሉ፣ እንዲያውም ከሰፈሩ፣ ማኩረፍ የማታውቀው አንዷ ሚጣ ናት።

«በሉ ስደቡኝ» አለች ሚጣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ። «አባባ፣ አንተ ጀምር።»

አባትየው ጉሮሮውን ጠራረገ። «አፍንጫሽ... ያስጠላል።»

«ያንተ ነው እኮ፣ አባባ!»

አባትየው አፍንጫውን ዳሰሰና አኮረፈ።

«አንቺ ሰነፍ!» አለች እናትየው ጮክ ብላ። ወዲያው እንባዋ መጣ። «ኧረ ሰነፍስ አይደለሽም። ምን አድርገሽኝ ልሳደብ፣ የኔ እመቤት?»

«አንቺስ ተይው፣ እማዬ። ጋሼ፣ አንተ ታውቅበታለህ።»

ወንድምየው ተነስቶ እጅጌውን ሰበሰበ። ስትዘፍን የጎረቤት ሕፃናት እንደሚያለቅሱ፣ ስትሮጥ የተፈታ የክር ጥቅልል እንደምትመስል፣ የሚያገባት ሰው ሲጠፋ ለመስኮቱ መጋረጃ እንደሚድሯት ነገራት። ነገሩ መጋረጃው ጋ ሲደርስ ሚጣ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። መርማሪዋ በሩን ስትከፍት ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

መርማሪዋ ተነፈሰች። «አንድ ጊዜ ልድገምላችሁ። ለእናንተ ብዬ አይደለም፤ እግሬ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው።» ተመልሳ ወጣች።

አሁን የሚስቅ ጠፋ። ሚጣ ወደ ወንድሟ ጠጋ ብላ በለሆሳስ አወራችው።

«ጋሼ፣ እውነት ቢሆንስ?»

«ምኑ?»

«ላኩርፍ ብዬ ውስጤን ብፈልግ ብፈልግ የለም። ሁላችሁም ያላችሁ ነገር እኔ ጋ የለም። እማዬ ደብቃኝ ይሆን?»

ሁልጊዜ መልስ የማያጣው ወንድሟ ፊቷን አየ። ስትፈራ አይቷት አያውቅም ነበር። በሩ ሲከፈት ዘሎ መርማሪዋ ፊት ቆመ።

«እሷን ይተዋት። ስሪቱ እኔ ነኝ። ጆሮ ነገሩን በትክክል ሰምቷል፤ ማን እንደተባለ ነው የተሳሳተው። ዐሥራ ስምንት ካለፈኝ ቆይቷል፣ ደብቀውኝ ነው።»

«አንተ ልጅ!» አለች እናትየው።

መርማሪዋ ከቦርሳዋ የቆርቆሮ አምባር አወጣች። «እጅህን» አለችው። ወንድምየው እጁን ዘረጋ።

ሚጣ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ማን ጠየቀህ?»

«ሚጣ፣ ላድንሽ እኮ...»

«ማን አድነኝ አለህ? ደንበኛ እኔን ሲጠይቅ አንተ ትመልሳለህ። ዳቦ ቤት እኔን ልከህ ከኋላዬ መጥተህ አንተ ትመርጣለህ። አሁን ደግሞ በኔ ቦታ ትወሰዳለህ? እኔ ምንህ ነኝ? አለሁ ወይስ የለሁም?»

«ለካ ትቆጫለሽ!» አለ ወንድምየው ፊቱ እየበራ።

ሚጣ አልመለሰችለትም። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ መርፌዋን አነሳች፤ ቁልፏን መትከል ቀጠለች።

መርማሪዋ አምባሩን እንደያዘች ወንድምየውን ይዛው ወደ ደጅ ወጣች። ቆይተው ሲመለሱ ሚጣ እንደዚያው ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። መርማሪዋ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች።

«እስቲ አስቃት» አለችው።

ወንድምየው የመጨረሻ መሣሪያውን አወጣ። ሆዱን ነፍቶ፣ የጠበበ ሱሪ ሲለካ ትንፋሹን የሚይዘውንና «ልብስ ሰፊ፣ ጨርቁ ነው የሸሸው» የሚለውን ወፍራም ደንበኛቸውን ሆነ። አባትየው ኩርፊያውን ረስቶ ሳቀ። መርማሪዋ ከንፈሯን ነከሰች። የሚጣ ትከሻ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ሚጣ? ሚጢዬ? እኔ እኮ ነኝ።»

ሚጣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

መርማሪዋ በባዶ እግሯ ተነስታ ወደ ጆሮ ሄደች። «ሰው ናት» አለችው። ከዚያ አምባሩን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«እኔስ?» አለ ወንድምየው።

«አንተማ እህትህ ስላልሳቀችልህ ከንፈርህ መሬት ሊነካ ነው። ዞር በል፣ ልጄ፣ ጫማዬን ልፈልግበት።»

እናትየው የዚያን ቀን የምትሆነው ጠፋት። «ታኮርፋለች! ልጄ ታኮርፋለች!» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። ሳምንቱ ሲጋመስ ግን ደስታው ቀነሰ። «በቃሽ አሁን፣ ወንድምሽ እኮ ከሳ» ማለት ጀመረች። በእርግጥ አልከሳም፤ እንዲያውም የሚጣን ድርሻ ጭምር እየበላ ነበር። ግን በላ እንጂ አልጣመውም።

አንድ ቀን ደንበኛ ገባና ሚጣን «ሱሪዬ መቼ ይደርሳል?» አላት። ወንድምየው አፉን ከፈተ። ከዚያ ዝንብ የገባበት ይመስል ገጠመው። ሚጣ ጊዜ ወስዳ አሰበች፤ የሚያጣድፋት አልነበረም።

«ነገ ከሰዓት በኋላ» አለች።

ደንበኛው እንደወጣ ወንድምየው በርጩማውን እየጎተተ መጣ። «ዝም አልኩ እኮ። አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

ካኮረፈች ጀምሮ የነገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር። «ታዲያ ታረቅን?» አላት።

ሚጣ መርፌዋን አቁማ ውስጧን አዳመጠች። ጠዋት ጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ የምትፈልገው ኩርፊያዋን ነበር፤ አለ ወይስ ጠፋ እያለች። ሁልጊዜም አለ፤ ከማንም ያልተዋሰችው፣ የራሷ የሆነ፣ ሞቅ ያለ ነገር። ዛሬ ትንሽ ሆኗል። በአንድ ሳቅ ሊያልቅ ይችላል።

«ገና ነኝ» አለች ወደ ግድግዳው ዞራ፣ ፈገግታዋን እንዳያይባት። «ለነገ የምትሆን ቀርታኛለች።»