የፍርስራሹ ሰሌዳ

ሰሌዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወደ አንኮበር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስናስገባ ረዳቱ በጥርጣሬ አየን።

«በሽተኛ ነው?»

«ሰሌዳ ነው» አለ ፈንታሁን።

«ታዲያ ለምን አለበሳችሁት? ይበርደዋል?»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኛ ለመሳቅም ደክሞናል። እኔ ጽሑፉን ለመጨረስ አምሽቼ ነበር፤ ፈንታሁን ደግሞ ትናንት ሲሚንቶ ሲያወርድ ውሎ ትከሻው አልንቀሳቀስ ብሎታል። ሰሌዳውን ጉልበታችን ላይ አስተኝተን ተቀመጥን። ከደብረ ብርሃን እንደወጣን ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባ ጀመር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሳው በውርጭ ነጥቷል። ፈንታሁን አገጩን ሰሌዳው ላይ አስደግፎ ዐይኑን ጨፈነ።

«ቴዎ» አለኝ ዐይኑን ሳይገልጥ። ስሜ ቴዎፍሎስ ነው፤ እሱ ግን አሳጥሮ ነው የሚጠራኝ። «ዛሬ ሽማግሌዎቹ እሺ ካሉ ሰኞ ህሊናንና ልጅቷን ይዤ የጥበቃ ቤቷ እገባለሁ።»

«እሺ ይላሉ።»

«እሺ ባይሉስ?»

ብርድ ልብሱን አስተካከልኩ።

ፈንታሁን ከባለቤቱ ከህሊና ጋር ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ነው። ደብረ ብርሃን ዳር ባለው መጠለያ በሸራ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ልጃቸው የተወለደችው እዚያው ነው፤ ከሸራ ሌላ ጣሪያ አታውቅም። ክረምት ሲሆን ውኃው ከሥር ይገባል፤ በጋ ሲሆን ነፋሱ ሸራውን ሲያራግበው ልጅቷ እየባነነች ታለቅሳለች። ከፈንታሁን ጋር የተዋወቅነው ታፔላ ከምጽፍባት ሱቅ አጠገብ ቆሞ የቀን ሥራ ሲጠብቅ ነው። መሰላሌ ሲንሸራተት አይቶ ሮጦ ያዘልኝ። ከዚያ ወዲህ ከፍ ያለ ግድግዳ ላይ ስጽፍ መሰላሉን የሚይዝልኝ እሱ ነው። ብዙ አንነጋገርም። እኔ ከላይ እጽፋለሁ፣ እሱ ከታች ይይዛል።

መኪናው ከሚያወርደን ከጎረቤላ በታች፣ ቁልቁለቱ ወገብ ላይ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ የጥንት ፍርስራሽ አለ። ከበላዩ የክርስቲያኖች መንደር፣ ከበታቹ የሙስሊሞች መንደር ነው። የላይኛው መንደር ሰው ፍርስራሹን የድሮ ቤተ ክርስቲያን ነው ይላል፤ የታችኛው የድሮ መስጊድ ነው ይላል። የወረዳው ሰዎች ቦታውን ለጎብኚ ለመክፈት አስበው አንዲት የጥበቃ ቤት አሠሩ፤ ጠባቂ ግን ጠፋ። ከላይ ሰው ቢመጣ ታቹ አይቀበልም፣ ከታች ቢመጣ ላዩ አይቀበልም። በመጨረሻ ፈንታሁን ተገኘ። አባቱ ሰይድ ይባላል፣ እናቱ ደግሞ ክርስቲያን ናት። አያቶቹ ወሎዬዎች ናቸው፤ እዚያ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ቤት መኖራቸው ብርቅ አይደለም።

«የላይኛው መንደር ሽማግሌ የእኔን ስም ወደዱት፣ የታችኛው ደግሞ የአባቴን» ብሎ ነገረኝ በተመረጠበት ቀን። ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

የቀረው ሰሌዳው ነበር። የወረዳው ሰዎች «ጥንታዊ መሆኑንና የአምልኮ ቦታ መሆኑን የሚገልጽ ነገር ይጻፍበት፤ ሽማግሌዎቹ አይተው ከተስማሙ ሰውዬው ይግባ» አሉ። ቃሉን የመምረጥ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። «ቤተ ክርስቲያን» ብል አንዱ ይቆጣል፣ «መስጊድ» ብል ሌላው። ሳሰላስል ሰንብቼ ለማንም የማያደላ ቃል አገኘሁ፤ ደስ ብሎኝ ለፈንታሁን እንኳ ሳላሳየው ጠቀለልኩት።

ጎረቤላ ስንወርድ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ ነበር። ሰሌዳውን ፊትና ኋላ ይዘን ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ላሜራውን ነፋስ ሲያገኘው ወደ ጎን ይጎትተናል። ዳገቱ ላይ ሣር የሚነጩ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቀና ብለው አዩንና ወደ ሣራቸው ተመለሱ።

«እነሱ እንኳ ምን እንደያዝን አይጠይቁም» አለ ፈንታሁን። «ዕረፍት እንውሰድ።»

«አሁን ዐርፈን ነበር እኮ።»

«ያ የአንተ ነበር። ይሄ የእኔ ነው።»

ፍርስራሹ ጋ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ አልመጡም። ቦታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ግድግዳው በአብዛኛው እስከ ወገብ ቀርቷል። በአንድ በኩል ብቻ ጠባብ በር ከነጉበኑ ቆሟል። ከመካከሉ ቁልቋል በቅሏል። ፈንታሁን በሩ ላይ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡራን ጎብኚዎች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። አሁን የምታዩት በር ነው።»

«እሱማ ይታያል።»

«ዝም በል፣ ጎብኚ አይናገርም። ይህ በር እንደምታዩት ጠባብ ነው። የጥንት ሰዎች ቀጫጭኖች ነበሩ።»

«ወይም እንደ እኛ የራባቸው።»

«ይህንን ጎብኚ አስወጡልኝ» አለና ወደ ውስጥ ገባ። ተከተልኩት።

ከዳር ባለው ግድግዳ ላይ ሰው የሚያስቆም ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። ክርክሩ ሁሉ በዚህ ነው። ላይኛው ሽማግሌ፣ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል፣ ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው ይላሉ። ታችኛው፣ ሼህ ኑርዬ፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ መካ ነው ይላሉ።

«ወዴት ነው ታዲያ?» አልኩት።

«በሁለቱ መካከል» አለ ፈንታሁን ቆም ብሎ አይቶ። «ሠሪውም ግራ ገብቶት ይሆናል።»

እጄን ድንጋዩ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው። በድንጋዮቹ መካከል ጭቃውን ያለሰለሰ ሰው የጣት ፈለግ እስካሁን አለ። ይህን ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ ያወጣው ሰው ማታ ማታ እንዴት ይተኛ እንደነበረ አሰብኩ።

የጥበቃዋ ቤት ከፍርስራሹ አጠገብ ናት። አንድ ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የእንጨት በር። ፈንታሁን በሩን ከፈተ፤ ዘጋ፤ እንደገና ከፈተ።

«ይዘጋል» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ በአንድ ጊዜ ደረሱ። ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ረጅም፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሰው ናቸው። ሼህ ኑርዬ አጭር ናቸው፤ ዳገቱ አድክሟቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው ሰላም ያሉን።

«ከታች ለሚመጣ ሰው እኮ አይታዘንም» አሉ።

«ታች ስፈሩ ያላችሁ የለ» አሉ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል። «በሉ ሰሌዳውን እንየው፣ ብርድ ነው።»

ብርድ ልብሱን ገፈፍኩ። ነጭ መደብ ላይ በጥቁር፣ ፊደሎቹ አንድም ሳይዛነፍ፦

ጥንታዊ ጸሎት ቤት

ጋሽ ኃይለ ገብርኤል መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ። እንደገና አነበቡ። ፈንታሁንም ያየው ያኔ ነው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ገና አልገባኝም።

«ጸሎት ቤት?» አሉ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል። «የጴንጤ ነው እንዴ?»

ሼህ ኑርዬ ጭናቸውን መትተው ሳቁ። «እኔና አንተ ስንከራከር ሦስተኛው መጥቶ ወሰደው!»

«ጸሎት» የሚለውን በየትኛው «ጸ» እንደምጽፈው ስጠነቀቅ ሰንብቼ ቃሉን ሳላየው ቀርቻለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጸሎት ቤት ሲባል የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። እኔ ራሴ ለአንዱ ታፔላ ጽፌያለሁ።

ጋሽ ኃይለ ገብርኤል አልሳቁም። ወደ ፈንታሁን ዞሩ።

«ከወለጋ ነው የመጣኸው አይደል? እዚያ የእነሱ ሰው ብዙ ነው ይባላል።»

«አዎ፣ አሉ።»

«ማተብህስ?»

«ስንሸሽ ተበጠሰ። ሌላ አላሰርኩም።»

የሼህ ኑርዬም ሳቅ ቆመ። «ሶላትስ ትሰግዳለህ?»

«አልሰግድም።»

«ታዲያ ምንድን ነህ?» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ። «ቦታውን ለሰው ልታስረክብብን ነው የመጣኸው?»

ፈንታሁን ጥንታዊው በር ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«ደክሞኛል አባቶቼ» አለ። «እዚያ መጤ ተባልኩ። መጠለያ ስገባ ተፈናቃይ ተባልኩ። እዚህ ደግሞ ምን እንደምትሉኝ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የፈለጋችሁትን በሉኝ። ልጄን ግን በር ያለው ቤት ውስጥ ላስተኛት።»

ጉሙ በመካከላችን አለፈ። እኔ ሰው ፊት መናገር አልወድም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

«ምን አልክ? ጮክ በል፣ አልሰማህም» አሉ ሼህ ኑርዬ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው! ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ አላየውም፤ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት። ለማንም እንዳያደላ ብዬ ነበር።»

«አላደላህም» አሉ ሼህ ኑርዬ። «ሁለታችንንም አባረርከን።»

ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ግን አሁንም ፈንታሁንን ነው የሚያዩት። «አንተ ታውቀዋለህ? የማን ወገን ነው?»

ወገኑን ጠይቄው አላውቅም።

«መሰላል ይይዝልኛል» አልኩ። «ይዞ ለቆኝ አያውቅም።»

ጋሽ ኃይለ ገብርኤል መነጽራቸውን አወለቁና በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ቃሉን አስተካክለው እንግዲህ» አሉ። «ቤተ ጸሎት በለው።»

«እሱማ ያንተው ነው!» አሉ ሼህ ኑርዬ። «ለምን መስገጃ አይለውም?»

«መስገጃማ መስጊድ ማለት ነው።»

«አንተም እኮ ትሰግዳለህ። ሑዳዴ ላይ አይቼሃለሁ፣ ወገቤን እያልክ።»

ክርክሩ ሥር ሳይሰድ ከቦርሳዬ ነጩን ቀለምና ብሩሹን አወጣሁ።

«የመካከሉን ቃል ላጥፋው?» አልኩ።

«አጥፍተህ ምን ልትጽፍ?»

«ምንም።»

ሰሌዳውን ድንጋይ ላይ አስደግፌ «ጸሎት» የሚለውን በነጭ ሸፈንኩት። ፈንታሁን ከበሩ ደፍ ተነሣና ነፋሱ እንዳይጥለው ከኋላ ያዘልኝ። ስጨርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለን አየነው። «ጥንታዊ» በዚህ ዳር፣ «ቤት» በዚያ ዳር፣ መካከሉ ባዶ።

«መሃሉ ጎድሏል» አሉ ሼህ ኑርዬ።

«ይጉደል» አሉ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል። «የሚያውቅ ያውቀዋል።»

ሼህ ኑርዬ ባዶውን ቦታ ትንሽ አዩትና ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እያንዳንዳቸው እዚያ የየራሳቸውን ቃል እንዳነበቡ ያስታውቃሉ። ጉሙ ግን ቀለሙን አላደርቅ ብሎ ጥቁሩ ፊደል ከነጩ ሥር እንደ ጥላ ብቅ ማለት ጀመረ። ሁለተኛ ልደግመው ብሩሹን ሳነሣ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል እጃቸውን አወናጨፉ።

«ይበቃል፤ ከሩቅ አይታይም። ሰኞ ይግባ።»

«ጣሪያው በዚህ በኩል ያፈሳል» አሉ ሼህ ኑርዬ እየተነሡ። «ልጆቼን ልኬ አስደፍነዋለሁ። ልጅቷ ትንሽ ናት?»

«ትንሽ ናት» አለ ፈንታሁን።

ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ጥቂት ተራምደው ዞሩ። «አንድ ነገር። ጎብኚ መጥቶ ይህ የማን ነበር ብሎ ሲጠይቅህ ምን ትላለህ?»

ፈንታሁን ወደ ሼህ ኑርዬ አየ፤ መልሶ ወደ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል አየ።

«አላውቅም እላለሁ።»

«እንደሱ በል። ሌላ ቀን ሌላ ካልክ ግን እንጣላለን።»

አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሄዱ። እኛ የተዘጋጀውን ምሰሶ ተክለን፣ ሥሩን በድንጋይ ጠቅጥቀን ሰሌዳውን ቸነከርን። ከዚያ የጥበቃዋ ቤት ውስጥ ገብተን ባዶው ወለል ላይ ተቀመጥን። «ትንሽ ልረፍ፣ ከዚያ እንወጣለን» አለኝ ፈንታሁን። ወዲያው ተኛ፤ አፉ ተከፍቶ፣ እጁ መዶሻውን እንደያዘ።

የመመለሻው መኪና እንዳያመልጠን መቀስቀስ ነበረብኝ። አልቀሰቀስኩትም። በነፋስ የማይራገብ ግድግዳ ሥር ሲተኛ አይቼው አላውቅም። ከሰኞ ጀምሮ መሰላሌን ማን እንደሚይዝልኝ አሰብኩ፤ ወዲያው ማሰቡን ተውኩት።

ሰሌዳው ተጠቅልሎበት የነበረውን ብርድ ልብስ አምጥቼ አለበስኩት። ዐይኑን ሳይገልጥ ተንቀሳቀሰ።

«ሰው መጣ?»

«ማንም አልመጣም።»

«በሩን ዝጋው» አለ፤ መልሶ ተኛ።

ወጥቼ ዘጋሁት። መዘጋቱንም በእጄ ገፋ አድርጌ አረጋገጥኩ፤ ከዚያ ዳገቱን ብቻዬን ተያያዝኩት።