ወይራው ሥር

ከልደታ ቅጥር ውጭ አንድ ወይራ አለ። ከጥላው ሥር ሴቶች ይቆማሉ፣ የወር አበባ የመጣባቸው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ቅዳሴውን ከሩቅ እየሰሙ።

አለፈች ስንዱ በአጠገባቸው፣ አራት ዓመት ሙሉ። በሩን ተሳልማ ገባች። የሚከለክላት አልነበረም።

ሰኞ ለእጥበት፣ ረቡዕ ለእጥበት፣ ዓርብ ለእጥበት... እሁድ ለቅዳሴ። ደሟ በቱቦ ይወጣል፣ በማሽን ይታጠባል፣ በቱቦ ይመለሳል። በየወሩ ይመጣ የነበረው ግን ቀረ።

«ኩላሊት ሲደክም ሆርሞንም ይዛባል» አሏት ሐኪሙ፣ ከልኩ በላይ የወጣውን ቁጥር በእስክሪብቶ እየነኩ። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር፣ ለልጅ ገና ያልመሸበት ዕድሜ።

በጾም ገባች፣ በፍስክ ገባች። የሚከለክላት አልነበረም።

ወይራው ሥር የቆሙትን ግን... ቀናችባቸው።

ከዚያ ታላቅ እህቷ የውብዳር አንድ ኩላሊቷን ሰጠቻት። ንቅለ ተከላው ሰመረ። ስንዱም ለልደታ ጥላ ተሳለች፣ በገዛ እጇ ይዛ ልትገባ።

ሰባት ወር አለፈ። ቁጥሩ ወረደ። «ጠብቂ» አሏት ሐኪሙ። ጠበቀች... መጠበቋንም ረሳች።

የግንቦት ልደታ ማለዳ፣ የስለቱ ጥላ ግድግዳ ተደግፎ፣ ልብሷ ላይ ደም አየች።

የእህቴ ኩላሊት... አለች በልቧ። አልበረከተልኝም።

ለእህቷ ደወለች።

«እትዬ... ደም።»

«ከየት?»

«እንጃ፣ ልብሴ ላይ ነው።»

«ሽንትሽን አይተሻል?»

ሄዳ አየች። ጥርት ያለ ነው። ነገረቻት።

«ሌላስ ምን ያምሻል?»

«ከእምብርቴ በታች... ቁርጠት ቢጤ።»

ከስልኩ እልልታ መጣ፣ ጆሮ የሚበጥስ።

«አንቺ ሞኝ! የራስሽን ነገር ረሳሽው? የኩላሊቴን ስም አታጥፊ፣ እሱ ሥራው ላይ ነው!»

ስንዱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ደግሞ አለቀሰች።

ጥላውን የውብዳር ይዛ ገባች፣ ባለስለቷን ውጭ ትታ።

ከልደታ ቅጥር ውጭ አንድ ወይራ አለ። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉላት።

«አዲስ ነሽ መሰለኝ፣ እህቴ» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«አይ... ተመላሽ ነኝ።»

በሩን ከሩቅ ተሳለመች። ቅጠሎቹ መሐል የገባው ፀሐይ ነጠላዋ ላይ ይንቀሳቀሳል። መግባት አትችልም ዛሬ... አትችልም፣ ተመስገን።